ስለ ከተማ ፍርሃትና ስለ ነፍሰ ገዳይ ወሬ

ከተማ ሰው ይበላል የሚለው አነጋገር በአገራችን የቆየ ነው። ልጁን ወደ ከተማ የሚሸኝ የገጠር አባት፣ ስንቁን ቋጥሮ ከሰጠው በኋላ፣ በማታ አትውጣ፣ የማታውቀው ሰው የሰጠህን አትቅመስ፣ ከማንም ጋር ወሬ አታብዛ ብሎ ይመክረዋል። ምክሩ የፍቅር ምክር ስለ ሆነ አልነቅፈውም። የምነቅፈው ከምክሩ በስተጀርባ ያለውን አሳብ ነው፤ ይኸውም ነፍስ ማጥፋት የከተማ ሥራ ነው፣ ገዳይም ሁልጊዜ እንግዳ ሰው ነው የሚለው ነው። ይህን አሳብ ዛሬ የሚያሰራጨው የገጠር አባት ብቻ አይደለም። ራዲዮኑም፣ ቴሌቪዥኑም፣ በኪሳችን ያለው ስልክም ይህንኑ ይነግረናል። ስለዚህ እዚህ ላይ የምተቸው አንድን ደራሲ ሳይሆን፣ ብዙ ሰው ማታ ማታ የሚሰማውን የወንጀል ትረካ ነው።

እኔ የምኖረው በድሬዳዋ፣ በሳቢያን ነው። ከመምህርነት ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ እንዲህ ያለውን ትረካ ለማዳመጥ ብዙ ጊዜ አግኝቻለሁ፤ የተማሪዎቼን ድርሰት ሳርም እንደ ነበረው እርሳስና ወረቀት ይዤ ማዳመጤን ግን አልተውሁም። ትረካው ሁሉ መልኩ አንድ ነው። አስቀድሞ የሚያስፈራ ሙዚቃ ይሰማል፤ ቀጥሎ የተራኪው ድምፅ ይወፍራል፤ ሌሊቱ ድቅድቅ ጨለማ እንደ ነበረ፣ ውሾች እንደ ጮኹ፣ የከተማው ሰው እንደ ተኛ ይነገራል። ከዚያም የሰፈሩ ስም ጎላ ተደርጎ ይጠራል። ሟቹ ምን ሠርቶ ይኖር እንደ ነበረ፣ ማንን ይጦር እንደ ነበረ ግን በአንድ ዓረፍተ ነገር ታልፎ ይረሳል። የተማሪ ድርሰት ቢሆን ኖሮ፣ ጨለማው በዝቷል ሰው ጠፍቷል ብዬ ከዳር በቀይ ቀለም እጽፍበት ነበር።

ጉድለቱ የአጻጻፍ ብቻ ቢሆን ባላስቸገርኋችሁ። ነገር ግን የትረካውን መጨረሻ አስተውሉ። ገዳዩ ማን ሆኖ ይገኛል? አብዛኛውን ጊዜ ባል ነው፤ ወይም የተጣላ ፍቅረኛ ነው፤ ወይም በውርስ ቤት የተካሰሰ ወንድም ነው፤ ወይም እስከ እኩለ ሌሊት አብሮ ሲጠጣ ያመሸ ጓደኛ ነው። ከወዴት እንደ መጣ የማይታወቅ ሰው ሆኖ የሚገኘው ጥቂት ጊዜ ነው። ይህን ሁሉ ከኔ ጋር ያዳመጠ ጎረቤቴ ግን፣ ትረካው እንዳለቀ ብድግ ብሎ የውጭውን በር መቀርቀሪያ ይፈትሻል። ገዳዩ የነበረው በቤት ውስጥ ነው፤ እርሱ የሚዘጋው የውጭውን በር ነው! እንዲህ ያለ ግልጽ ነገር ተነግሮ ተቃራኒው የሚሰማ ከሆነ፣ ጥፋቱ የሰሚው ብቻ ሊሆን አይችልም። ሙዚቃው ቃሉን አሸንፎታል ማለት ነው።

ይህ የራዲዮ ታሪክ ብቻ እንዳይመስላችሁ። የተባበሩት መንግሥታት የአደንዛዥ ዕፅና የወንጀል ጉዳይ ቢሮ ባወጣው ጥናት፣ በ2017 እ.ኤ.አ. በዓለም ላይ ከጦርነት ውጭ ሆን ተብሎ የተገደለው ሰው ቁጥር 464,000 ያህል ነው። በዚያ ዓመት ከተገደሉት 87,000 ሴቶች ውስጥ 50,000 ያህሉ የሞቱት በባላቸው፣ በፍቅረኛቸው ወይም በቤተ ዘመዳቸው እጅ ነው። እንግዲህ ለሴት ልጅ ከጨለማው መንገድ ይልቅ የገዛ ጓዳዋ የሚያስፈራበት ጊዜ አለ። ሴቶች ልጆቻችንን በጊዜ ግቡ እያልን ስንመክር፣ ወደ ማን ቤት እንደሚገቡ የምንጠይቅ ስንቶቻችን ነን?

ስለ ቁጥር ካነሣሁ ዘንድ፣ ጥቂት ሒሳብ ብሠራ አንባቢ ይታገሠኝ። አንድ ከተማ አደገኛ መሆኑና አለመሆኑ የሚለካው በተገደለው ሰው ብዛት ብቻ ሳይሆን፣ ያ ብዛት ለነዋሪው ሲካፈል ነው። ሊቃውንት ከ100,000 ነዋሪ ስንት ሰው ተገደለ ብለው ይቈጥራሉ። በ2017 የዓለም አማካይ 6 ገደማ ነበር። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቈጠራ የድሬዳዋ ከተማ ነዋሪ 233,224 ነበር። በዓለም አማካይ ብንሄድ፣ ይህን በሚያህል ከተማ በዓመት 14 ሰው ይገደላል ማለት ነው። ይህ የድሬዳዋ ቁጥር ነው አላልሁም፤ የመለኪያው ምሳሌ ነው። ነገር ግን አስቡት፤ 14 ግድያ ለአንድ ዓመት ትረካ ይበቃል። በየወሩ አንድ አንድ እየተነገረ፣ ያውም አንዱ ሦስት ጊዜ እየተደገመ፣ ከሁለት መቶ ሺሕ በላይ የሆነው ሕዝብ ሁሉ ቢላዋ ከበሩ የደረሰ ይመስለዋል።

በአሜሪካ አገር የቺካጎ ከተማ ስም የነፍሰ ገዳይ ምሳሌ ሆኖ ይነሣል። በ2019 እ.ኤ.አ. በቺካጎ 500 ያህል ሰው ተገደለ፤ በሴንት ሉዊስ 194። ሰሚው ቺካጎን ይፈራል። ሲካፈል ግን ቺካጎ 2.7 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ ስላለበት ከ100,000 ሰው 18 ገደማ ይሆናል፤ ሴንት ሉዊስ 300,000 ያህል ብቻ ስላለበት ከ64 ይደርሳል። በኒው ዮርክም በ1990 ከ2,200 በላይ ሰው ተገድሎ ነበር፤ በ2017 ግን ከ300 በታች ወረደ። በአገሪቱ በጠቅላላው ወንጀል ለብዙ ዓመታት ሲቀንስ፣ ጋሎፕ የተባለው የሕዝብ አስተያየት መርማሪ ድርጅት በጠየቀ ቁጥር በአብዛኞቹ ዓመታት የሚበዛው ሰው፣ ወንጀል ካምናው ብሷል ብሎ መለሰ። ጆርጅ ገርብነር የሚባል ምሁርም ቴሌቪዥን አብዝተው የሚመለከቱ ሰዎች ዓለምን ከሌላው ሰው ይልቅ ክፉና አደገኛ አድርገው እንደሚገምቱ በጥናቱ አስረድቷል። የኛ አባቶች ግን ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምርበት ብለው ነበር።

የመጀመሪያው ግድያ በተጻፈበት መጽሐፍ ደግሞ ከተማ ገና አልተሠራም። ቃየል አቤልን የገደለው በሜዳ ነው፤ ሟቹም የገዛ ወንድሙ ነው። ከተማ የሚባል ነገር የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ያልተማርነው አይደለም፤ በሰንበት ትምህርት ቤት በልጅነታችን ያጠናነው ነው። በዚያው መጽሐፍ ሳያስብ ነፍስ ያጠፋ ሰው ከደም መላሽ እንዲያመልጥ ስድስት የመማፀኛ ከተሞች ተለይተው ነበር። ከተማ መሸሸጊያ ነበረ ማለት ነው። በኛም አገር ቢሆን፣ በድንበር ወሰን ተጣልተው፣ ደም ተቃብተው፣ ልጅ የአባቱን ደም እንዲመልስ የሚጠበቅበትን ቀዬ ትተው ወደ ከተማ የተሰደዱ ስንት ናቸው! ካስተማርኋቸው ልጆች አንዱ አባቱ ከደጋ አገር ወደ ድሬዳዋ የወረደው ስለዚህ ነበረ። ልጁ ስለ አያቱ ቤት ሲጠየቅ ዝም ይል ነበር።

ይህች ከተማ ራሷስ ማን ሠራት? ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ከጅቡቲ ሲደርስ፣ ሀዲዱን ተከትለው ሱማሌው፣ ኦሮሞው፣ ሐረሪው፣ አማራው፣ ጉራጌው፣ ዐረቡ፣ ግሪኩ፣ አርመኑ፣ ፈረንሳዊው ተሰበሰቡ። አብዛኛው ላብዛኛው እንግዳ ነበር። እንግዳ ሰው ነፍሰ ገዳይ ቢሆን ኖሮ ከዚራም መጋላም አንድ ክረምት ባልዘለቁ። በሙቀቱ ወራት ሰው አልጋውን አውጥቶ በደጅ ይተኛ ነበር። ዛሬ በሳቢያን የአጥሩ ግንብ ከፍ ብሎ፣ በላዩ የተሰበረ ጠርሙስ ተተክሎበት አያለሁ።

ፍርሃቱ ሁሉ ከንቱ ነው አልልም። በነዚህ ዓመታት በአውራ ጎዳና ላይ ሰው እየታገተ ገንዘብ ሲጠየቅበት ሰምተናል፤ ሌባም አለ፤ ልጇን በስለት ያጣች እናት ቁጥርና አማካይ ብንነግራት አትጽናናም፤ መናገሩም ነውር ነው። ነገር ግን ያለ ልክ የሆነ ፍርሃት ራሱ ይገድላል። በነሐሴ 2010 ዓ.ም. በሻሸመኔ፣ ቦምብ ይዟል የሚል ወሬ የተወራበት አንድ ሰው በሕዝብ ፊት ተገድሎ ተሰቀለ። በጥቅምት 2011 ዓ.ም. በምዕራብ ጎጃም በሜጫ፣ ለጤና ምርምር የሄዱ ሁለት ምሁራን፣ ልጆቻችንን ሊጎዱ መጡ በሚል ወሬ በድንጋይ ተወግረው ሞቱ። የገደላቸው የተቀጠረ ወንበዴ አይደለም፤ ልጁን ሊያድን የወጣ የሚመስለው አባት ነው። እንግዳን መፍራት ያስተማረን ሰው ሁሉ፣ በነዚያ ድንጋዮች ላይ እጁ እንደሌለበት እርግጠኛ ሊሆን ይችላልን? በገበያም ሌባ! ሌባ! ተብሎ ሲጮህ፣ ማን ምን እንደ ሰረቀ ሳይጠየቅ ዱላ የሚነሣው ለዚሁ ነው፤ የሚመታውም ብዙ ጊዜ ትናንት ከገጠር የመጣ፣ የሚመሰክርለት ዘመድ የሌለው ልጅ ነው።

ደግሞ የምንፈራውን ስንመርጥ ሌላውን እንረሳለን። በ1998 ዓ.ም. በሐምሌ መጨረሻ ደቻቱ በአንድ ሌሊት ከ200 በላይ ሰው ወሰደብን። ከዚያ ሌሊት በፊት ስለ ሌባ ስንጨነቅ፣ ደረቁን አሸዋ ግን ልጆቻችን ይጫወቱበት ነበር።

ለተራኪዎቹ የምለው ተዉ አይደለም። ወንጀል መነገር አለበት፤ የፖሊሶቹም ድካም መታወቅ ይገባዋል። ነገር ግን ሟቹን በስሙ ካልጠራችሁት በሥራው ጥሩት፤ በዚህ ዓመት ስንት እንደ ተገደለና ያምናው ስንት እንደ ነበረ ጨምሩበት፤ ገዳይና ሟች በምን እንደሚተዋወቁ በመጀመሪያው ቃል ንገሩን እንጂ በመጨረሻው አትደብቁት። ከሰማኋቸው ሁሉ የምመርጠው አንድ ትረካ አለ። ሙዚቃው ትንሽ ነበረ፤ ሌሊቱም ጨለማ ነው አልተባለም። ተራኪው ወደ ሟቿ ጎረቤቶች ሄዶ ጠየቀ፤ እነርሱም ጩኸቷን ለብዙ ወራት ይሰሙ እንደ ነበረ፣ ነገር ግን የባልና የሚስት ጉዳይ ነው ብለው እንደ ተዉት ተናገሩ። ተራኪው አልተቈጣቸውም፤ ግድግዳው ምን ያህል ስስ እንደ ሆነ ብቻ ጠየቃቸው።