የጥፍር ሥራ ከስሩ ይታያል

ጥፍር ቤት ገብተሽ የሠሪዋን ሙያ ልትመዝኚ ከፈለግሽ ብልጭልጩንና የተለጠፈውን ድንጋይ ለጊዜው እለፊው። ጥፍሩና ቆዳው የሚገናኙበትን መስመር እይ። ከአንቺ በፊት ተሠርታ የጨረሰችውን ደንበኛ «እስቲ እህቴ፣ እጅሽን ልየው» በያትና በጣትሽ ከቆዳው ወደ ጥፍሩ ዳሰስ አድርጊ። ሳያደናቅፍሽ ከተሻገርሽ ሠሪዋ እጇ የተፈታ ነው። እርከን ካለው፣ ወይም ጄሉ ቆዳው ላይ ፈስሶ ደርቆ ከቀረ፣ ብዙም ሳይቆይ ከዚያው መነሳት ይጀምራል፤ ፀጉር ስታበጥሪ እየያዘ ያስቸግርሻል። ከዚያ እጁን በጎን አዙሪው። ረዘም ያለ ጥፍር መሃሉ ላይ ጉብ ብሎ ወደ ጫፉ መሳሳት አለበት፤ ጫና የሚችለው ያ ጉብታ ነው። ከስር እስከ ጫፍ እኩል የወፈረ ጥፍር ከበደ እንጂ አልጠነከረም።

አክሪሊክ፣ ጄል ወይስ ተለጣፊ የሚለው ምርጫ እንደ አገሩ ነው። በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ፣ በሚዛን፣ በሸዋ ቤንችና በቴፒ አካባቢ እጅ ሊጥ ያቦካል፣ እንሰት ይፍቃል፣ በለቀማ ወቅት ደግሞ እሸት ቡና ሲለቅም ይውላል፤ ጥፍሩም ይህን ሥራ የሚችል መሆን አለበት።

አክሪሊክ ፈሳሽና ዱቄት በብሩሽ ጫፍ ተገናኝተው የሚሠሩት ነው። ማድረቂያ ላምፕ አይፈልግም፣ በራሱ ይጠነክራል። መብራት ሄድ መጣ በሚልበት ከተማ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ሙቀት ግን ያፈጥነዋል፤ ከሚዛን ዝቅ ባለችውና በምትሞቀው ቴፒ ሠሪዋ ትንንሽ ጠብታ እያነሳች ቀልጠፍ ካላለች ጥፍሩ ጎርበጥባጣ ይሆናል፣ ያንን ለማስተካከል ደግሞ በጥፍር መሞረጃው ፋይል ብዛት የራስሽ ጥፍር ይሳሳል። ፈሳሹን መጠየቅ አትፈሪ። ሜቲል ሜታክሪሌት የተባለው ርካሹ ዓይነት በአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ከ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ እርምጃ የተወሰደበት ነው፤ የተሻለው ኢቲል ሜታክሪሌት ነው። ርካሹ ከመጠን በላይ ይደርቃል፣ በአሴቶንም በቀላሉ አይለቅም፤ እጅሽ በር ላይ ቢመታ እሱ ሳይሰበር የራስሽን ጥፍር ይዞ ይነሳል።

ጄል ለዓይን ይለሰልሳል፣ እንደ አክሪሊክም አይሸትም። ችግሩ በላምፕ መድረቁ ነው። ሠሪዋ ጄሉን በአንድ ጊዜ ወፍራም አድርጋ ከቀባችው ላዩ ደርቆ ውስጡ ጥሬ ይቀራል፤ ጥሬ ጄል ቆዳ ሲነካ ደግሞ አለርጂ ያመጣል፣ አንዴ የጀመረ አለርጂም ዕድሜ ልክ ሊከተል ይችላል። ስለዚህ ስስ ስስ አድርጋ እየደራረበች በየመሃሉ ላምፕ ውስጥ የምታስገባሽን ምረጪ። መብራት በመሃል ሲጠፋ «ምንም አይደል፣ ደርቋል» የምትልሽን ተያት። በቻርጅ የሚሠራ ላምፕ ያላት ብትሆን ይሻላል። ላምፑ ውስጥ ድንገት ካቃጠለሽም እጅሽን አውጪ፤ የበዛ ጄል ምልክት ነው።

ለሠርግና ለምላሽ ብቻ ከሆነ ተለጣፊው ይበቃል፤ ብዙዎች ይንቁታል እንጂ ልኩ ከተገኘ አያሳፍርም። ልኩ ማለት ከዳር እስከ ዳር ገጥሞ ቆዳውን ሳይጫን መቀመጡ ነው። በነገራችን ላይ፣ ለሁለት ቀን ድግስ ከሆነ እናቶቻችን የሚያውቁት እንሶስላ ጥፍርንም መዳፍንም ያቀላል፤ አይነሳም፣ አይሰበርም፣ እኔም ከብዙው ጄል አስበልጠዋለሁ።

ዝናብ በማይጠፋበት በዚህ አገር የሁሉም ጠላት እርጥበት ነው። ከስሩ በተነሳ ጥፍር መሃል ውኃ ከገባ ባክቴሪያ ይራባና የራስሽ ጥፍር አረንጓዴ ይሆናል። በላዩ ሙጫ ጠብ አድርጋ ልትደፍነው የምትሞክር ሠሪ ብትገጥምሽ ተነሽ። የሚነሳው ተነስቶ፣ ስሩ ደርቆ እስኪድን መጠበቅ ነው ያለው። የእጅ ጥፍር በወር 3 ሚሊ ሜትር ያህል ስለሚያድግ የተጎዳው ሙሉ በሙሉ እስኪተካ ግማሽ ዓመት ገደማ ይወስዳል።

የጤና ተማሪ ከሆንሽ ወይም ሆስፒታል የምትሠሪ ከሆነ ምርጫው ውስጥ አትግቢ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2009 እ.ኤ.አ. ባወጣው የእጅ ንጽሕና መመሪያ ታካሚ በቀጥታ የሚነካ ባለሙያ ሰው ሠራሽ ጥፍር እንዳያደርግ ይመክራል።

ሌላዋ ግን ከመቀመጧ በፊት አንድ ነገር ትጠይቅ፦ «ሲበቃኝ በምን ታነሺልኛለሽ?» ለአክሪሊክና ለቀለም ጄል መልሱ አሴቶን፣ ጥጥና ፎይል፣ ከዚያም ትዕግሥት መሆን አለበት። ጠንካራው ጄል በአሴቶን ስለማይሟሟ በጥንቃቄ በፋይል ይሳሳል። «ፈንቅዬ አወጣዋለሁ» ካለች ገንዘብሽን ይዘሽ ውጪ።