የእናቲቱ ቃል

ኪነ ጥበብ የተጨቆኑ ወገኖች አንደበት መሆን ይገባዋል ሲባል፣ አስቀድሞ ሊነሣ የሚገባው ጥያቄ ተጨቋኙ ራሱ እንዲናገር ቦታ ተሰጥቶታል ወይ የሚለው ነው። ጥያቄው መውለድንና አለመውለድን በሚመለከት ለሴቷ ሲነሣ፣ ከአማርኛ ሥነ ጽሑፍና ትርዒት የሚገኘው መልስ አያረካም።

አቤ ጉበኛ በ1955 ዓ.ም. ያሳተመው «አልወለድም» ዓይነተኛ ምሳሌ ነው። በእናቱ ሆድ ያለ ፅንስ ግፍ ወደ ነገሠበት ዓለም አልመጣም ብሎ ይሟገታል። ሙግቱ የዘመኑን ሥርዓት በማስደንገጡም መጽሐፉ ታግዷል። የሥራው ታላቅነት አያከራክርም። ነገር ግን የሙግቱ ባለቤት ፅንሱ ነው፤ ጥያቄውም «ይህ ዓለም ሊወለዱበት የሚገባ ነውን?» የሚል እንጂ «እናቲቱ ለመውለድ ፈቅዳለችን?» የሚል አይደለም። «አልወለድም» እና «አልወልድም» የሚለያዩት በአንድ ፊደል ብቻ ነው፤ ሁለተኛውን ቃል ከሴቷ አፍ ለመስማት የደፈረ ብዕር ግን ጥቂት ነው።

በ2006 ዓ.ም. ለዕይታ የበቃው የዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ ፊልም «ድፍረት» አንድ እርምጃ ተራምዷል። በ1980ዎቹ መጨረሻ ከተፈጸመ እውነተኛ ታሪክ ተነሥቶ፣ ጠላፊዋን ተኩሳ የገደለች የ14 ዓመት ልጃገረድ በሴት ጠበቃ ተደግፋ ፍርድ ቤት ስትቆም ያሳያል። በዚያን ጊዜ ይሠራበት የነበረው የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ፣ ተጠላፊዋ ከጠላፊዋ ጋር የጸና ጋብቻ ከፈጸመች ክሱ እንዳይቀጥል ያደርግ ነበር። ሕጉ ነፃ ፈቃድን ቢጠይቅም፣ በሽማግሌና በቤተ ዘመድ ጫና የተገኘ እሺታ እንደ ፈቃድ መቆጠሩ አልቀረም።

የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ይህን በር ዘግቷል። ስለ ፅንስ ማቋረጥ የደነገገው ክፍልም ለጸሐፌ ተውኔት ትምህርት አለው። በአንቀጽ 547 መሠረት፣ ከሕግ ውጭ የሆነ ማቋረጥ ያለ ሴቲቱ ፈቃድ ሲፈጸም፣ ወይም ፈቃዷ በዛቻ፣ በግዳጅ ወይም በማታለል ሲገኝ፣ ቅጣቱ ከ3 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እሥራት ነው። አንቀጽ 552 ደግሞ ፅንሱ በመደፈር የመጣ መሆኑን ለማስረዳት የሴቲቱን ቃል ብቻ በቂ ያደርጋል። ሕግ አውጪው ሁለት ነገር ተረድቷል፤ ተገድዶ የተሰጠ እሺታ እሺታ አይደለም፣ የሴት ቃልም ማስረጃ ነው።

ሆኖም ሕጉ ጎዶሎ አለበት። በማስወረድ በኩል ያለውን ግዳጅ ለይቶ ሲቀጣ፣ «ውለጂ» ብሎ የሚያስገድደውን ለይቶ አይጠራም፤ እርሱን የሚደርስበት አጠቃላዩ የማስገደድ ወንጀል ብቻ ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 35 ለሴቶች የቤተሰብ ምጣኔ ትምህርትና መረጃ የማግኘት መብት አረጋግጧል። ኪኒን የሚደብቅ ባልና «የልጅ ልጄን ሳላይ ልሙት?» እያለች የምታስጨንቅ አማት ግን ክስ መዝገብ ላይ አይገኙም።

የመድረኩ ሥራ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። የወሎ ላሊበላ የኪነት ቡድን ባደገባት በደሴ፣ በቧንቧ ውሃ የኪራይ ቤቶች፣ ወይም የኢንዱስትሪ ፓርክ በ2009 ዓ.ም. በተመረቀባት በኮምቦልቻ፣ ጫናው ዱላ ይዞ ላይመጣ ይችላል። በቡና ላይ፣ በ«ለአንቺው ብዬ ነው» ይመጣል። «ውለዱ፣ ክበዱ» የሚለው ያማረ ምርቃት ከየትኛው ስኒ በኋላ ትእዛዝ እንደሚሆን ዳኛ ሊለካው አይችልም፤ ተዋናይት ግን በዝምታዋ ልታሳየው ትችላለች።

የተለመደው አስተማሪ ድራማ ይህን አያደርግም። ሴቷ ታለቅሳለች፣ ሐኪሙ ይመክራል፣ ዳኛው ይፈርዳል፣ መጋረጃው ይዘጋል። እንባ ተሰጥቷታል፤ ውሳኔ ግን አልተሰጣትም። የኪነት ሰው ይህን አሠራር ሊተው ይገባል። መምህሩም ሆነ ካድሬው ጉዳዩን ለውይይት ሲያቀርብ፣ «ምን ይደረግላት?» ከማለቱ በፊት «እርሷ ምን አለች?» ብሎ መጀመር ይጠበቅበታል።