ስንቅ፣ ድርጎ፣ ቀለብ፦ የሰጪና የተቀባይ ቃላት

የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ «መጽሐፈ ሰዋስው ወግስ ወመዝገበ ቃላት ሐዲስ» በ1948 ዓ.ም.፣ የደስታ ተክለ ወልድ «ዐዲስ ያማርኛ መዝገበ ቃላት» ደግሞ በ1962 ዓ.ም. ታትመው ከወጡ ወዲህ መምህሩ ፍች ለማጣራት፣ ገጣሚው ቤት ለመምታት ሲገልጣቸው ኖሯል። ተውኔት የሚጽፍ ሰው ግን ከእነዚህ መጻሕፍት ሌላም ጥቅም ያገኛል። መብልን ስለ መስጠትና ስለ መስፈር የሚናገሩት የቆዩ ቃላት ሰጪንና ተቀባይን ፊት ለፊት ያቆማሉና።

«ድርጎ»ን እንውሰድ። በነገሥታቱ ዘመን በንጉሥ ትእዛዝ የሚጓዝ መልእክተኛ ወይም እንግዳ በደረሰበት ሁሉ ባላገሩ እንጀራውን፣ ጠላውን፣ በጉን እንዲያቀርብለት ይታዘዝ ነበር፤ ይህ የዕለት መብል ድርጎ ይባላል። በገዳም ለመነኮሳት የሚታደለውም የዕለት ድርሻ ስሙ ያው ነው። በመጀመሪያው ፍች ባላገሩ ተገዶ ይሰጣል፣ በሁለተኛው ማኅበሩ ለአባሉ ይሰፍራል። በደብረ ወርቅ፣ እንደ ሌላው የጎጃም የቅኔ አገር ሁሉ፣ የቆሎ ተማሪ አኮፋዳውን አንግቶ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ከደጅ ደጅ የሚለምነው ቁራሽ ግን ድርጎ አይደለም። ማንም አላዘዘውም፤ የሰጪዋ ፈቃድ ብቻ ነው። በዚያ ተማሪ አፍ «ድርጎዬን ስጡኝ» የሚል ቃል የሚያስገባ ደራሲ የቃል ስሕተት ብቻ ሳይሆን የታሪክም ስሕተት ይሠራል።

ከሁሉ የሚከብደው «ግብር» ነው። በግእዙ ሥራ ማለት ነው። በአማርኛው ግን ገበሬው ለመንግሥትና ለባለ ጉልት የሚከፍለውም ግብር፣ መኳንንቱ በአዳራሽ የሚያበሉትም ግብር ይባላል። ከገበሬው ጎተራ የወጣው እህል አዳራሽ ገብቶ የጌታ ቸርነት ሆኖ ሲቀርብ ስሙን እንኳ አልለወጠም! ብዙ ገጽ የፈጀ የፊውዳል ሥርዓት ትንተና ያላገኘውን ምጸት እዚህ አንድ ቃል ይዞታል። በ1960 ዓ.ም. የጎጃም ገበሬዎች በእርሻ ገቢ ግብር ላይ ሲያምፁ ያስፈራቸው የገንዘቡ መጠን ብቻ አልነበረም፤ መሬት ከተለካ ርስት ይነጠቃል የሚል ሥጋትም ነበረባቸው። ለእነርሱ ግብር የሒሳብ ቃል አልነበረም።

መዝገበ ቃላት ብቻውን አይበቃም። «ስንቅ» የመንገድ ምግብ ነው ተብሎ ይፈታል፤ ትክክል ነው። ገብሱን የቆላችውን፣ በሶውን የፈጨችውን፣ ድርቆሹንና ዳቦ ቆሎውን ያዘጋጀችውን ሴት ግን ፍቹ አያሳይም። በ1888 ዓ.ም. ወደ ዓድዋ ከዘመተው ሠራዊት አብዛኛው ስንቁን ከቤቱ ይዞ የወጣ ነው፤ በየሰፈሩም እየፈጩና እየጋገሩ ያበሉት ከዘማቹ ጋር የተጓዙት ሴቶች ናቸው። ይህን ጎዶሎ መሙላት የተውኔት ጸሐፊው ድርሻ ነው።

«ቀለበ» መብል ሰጠ ማለት ነው፤ የተወረወረን ነገር በአየር ላይ መያዝም መቅለብ ይባላል። ሰምና ወርቅ ለሚሻ ገጣሚ የቀረበ ቃል ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ይህንኑ ቃል ወስዶ አስፍቶታል፦ በሕጉ ቀለብ ምግብን ብቻ ሳይሆን መኖሪያን፣ ልብስንና የጤና እንክብካቤንም ይጨምር ነበር፤ ማን ለማን እንደሚገደድም በግልጽ ይደነግግ ነበር።

አሁን በሪፖርቱና በዜናው እነዚህን ሁሉ እየገፋ የመጣው «አቅርቦት» ነው። የስንዴ አቅርቦት፣ የመድኃኒት አቅርቦት፣ የመጻሕፍት አቅርቦት ይባላል። ቃሉ በራሱ ጥፋት የለበትም፤ ለገበያ ጥናት ያገለግላል። ነገር ግን «የማዳበሪያ አቅርቦት እጥረት አጋጠመ» ተብሎ ሲጻፍ ማን ሳያመጣ እንደቀረ፣ ማን ማሳው ዳር ቆሞ እንደጠበቀ አይታወቅም። እጥረቱ እንደ በረዶ ከሰማይ የወረደ ይመስላል። ግሡ «አቀረበ» ግን እንዲህ አልነበረም፤ አጠገብ አደረሰ ማለት ነው። «ምሳ አቀረበች» ሲባል ማዕዱም፣ ያቀረበችውም እጅ፣ የሚጠብቀውም ሰው ይታያሉ።