ድምፅ ቆጣሪው ፖሊስ

ባለፈው ሰሞን አንድ የድሮ የሥራ ባልደረባዬ ማኪያቶውን እያማሰለ፣ «አገር የሚቃናው ኮስታራ የፖሊስ አዛዥ ሲመራው ነው፤ ቢያንስ ሌባ ይፈራል» አለኝ። የተማረ ሰው ነው፤ ለዚህም ነው የደነገጥኩት። ያን ጊዜ አልተከራከርኩትም። ቤቴ ስገባ ግን የፓናማው ሆሴ አንቶኒዮ ሬሞን ትዝ አለኝና ለእርሱ ያልመለስኩትን ለእናንተ ልጻፍ ብዬ ተቀመጥኩ።

ፓናማ ከኮሎምቢያ ተገንጥላ ሪፐብሊክ የሆነችው በ1903 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው)። በዓመቱ ሠራዊቷን በተነችና ፖሊስ ብቻ ቀራት። ሠራዊት የሌለው አገር ሰላም ያገኛል ብለን እንመኝ ይሆናል፤ እዚያ የሆነው ግን ዘበኛው ቀስ በቀስ የግቢውን ቁልፍ ሁሉ መሰብሰቡ ነው።

ሬሞን በ1947 የፖሊስ አዛዥ ሆነ። በኅዳር 1949 ፕሬዚዳንት ቻኒስ «ሥልጣንህን ልቀቅ» ቢለው፣ የለቀቀው ፕሬዚዳንቱ ሆነ! ምክትሉ ቺያሪ ተተካ። ቻኒስ «ተገድጄ ነው የፈረምኩት» ብሎ ሲመለስ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ፈረደለት፤ ቺያሪም ፍርዱን እቀበላለሁ አለ። ሕግ ያሸነፈ መሰለ። ሬሞን ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? በ1948ቱ ምርጫ ተሸንፏል የተባለውን አርኑልፎ አርያስን ከቤቱ አመጣው። ድምፁ እንደገና ተቆጠረና፣ ከዓመት በላይ ካለፈ በኋላ፣ አሸናፊው አርያስ ነው ተባለ። አንዲት አገር በአንድ ሳምንት ውስጥ ሦስት ፕሬዚዳንት አየች። በ1951 ያው አርያስ ሕገ መንግሥቱን ሲሽር ያው ፖሊስ ቤተ መንግሥቱን በተኩስ ገብቶ አወረደው።

በ1952 ሬሞን ራሱ ተወዳድሮ ተመረጠ። አልዋሽም፣ ክፉ መሪ አልነበረም። ግብር በወጉ አሰበሰበ። «ልመናም ሚሊዮንም አንሻም፣ ፍትሕ እንጂ» ብሎ አሜሪካኖችን ተሟገተ፤ ለቦዩ ይከፍሉት የነበረው የዓመት ኪራይ ከ430,000 ዶላር ወደ 1,930,000 ከፍ አለ። ባልደረባዬ ይህን ቢሰማ «አላልኩህም?» ይለኝ ነበር። ግን በ1953 ፖሊሱን ብሔራዊ ዘብ ብሎ ያስታጠቀውም እርሱ ነው፤ ያ ዘብ በ1968 ያንኑ አርያስን ሥልጣን በያዘ በ11ኛ ቀኑ አውርዶ ራሱ ገዛ፤ እስከ ኖሪዬጋ ውድቀት፣ እስከ 1989 ድረስ።

ሬሞን ይህን አላየም። ጥር 2 ቀን 1955 በፓናማ ከተማ የፈረስ እሽቅድምድም ሜዳ ውስጥ በጥይት ተገደለ። ውሉ የተፈረመው ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። ሩቤን ሚሮ የተባለ ጠበቃ «እኔ ገደልኩ፣ ያነሳሳኝ ምክትል ፕሬዚዳንቱ ጊሳዶ ነው» አለ፤ ጊሳዶም ከመንበሩ ተነስቶ ታሰረ። በ1957 ሚሮ ራሱ ተከሶ ሲቀርብ ነፃ ተባለና ወጣ። ጊሳዶም ተፈታ። የፖሊሶች ሁሉ አለቃ የነበረውን ሰው የገደለው ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ በፍርድ ቤት የተረጋገጠበት የለም።