በወንዶች ተለክቶ ለሴቶች የተሰፋ መደምደሚያ

መንገድ ላይ 100 ብር ብታገኙ ደስ ይላችኋል። ከኪሳችሁ 100 ብር ቢጠፋስ? ለብዙ ሰው ቁጭቱ ከደስታው ይበልጣል። ዳንኤል ካህነማን እና አሞስ ትቨርስኪ እ.ኤ.አ. በ1979 ባሳተሙት ጥናት ያብራሩት ይህን ዝንባሌ ነው። እኛ "ማጣትን መሸሽ" እንበለው።

ታዲያ በስፖርት እንጀራውን የሚበላ ሰውም እንዲህ ነው? ዴቪን ፖፕ እና ሞሪስ ሽዋይትዘር በ2011 ባወጡት ጥናት፣ ጎልፍ ተጫዋቾች ወደ ጉድጓዱ የመቷቸውን ከ2.5 ሚሊዮን በላይ አጫጭር ምቶች መረመሩ። ዘዴያቸው ጎበዝ ነው። በጎልፍ ለየጉድጓዱ የሚጠበቅ የምት ብዛት አለ፤ "ፓር" ይባላል። ለፓር የሚመታ ሰው ከሳተ ከሚጠበቀው ይብስበታል፤ ማጣት ነው። ከፓር በአንድ ምት ቀድሞ ለመጨረስ፣ ማለትም ለ"በርዲ" የሚመታ ግን ቢስትም ፓር አለለት። በውድድሩ ድምር ሁለቱም ምቶች እኩል አንድ አንድ ሆነው ይቆጠራሉ። ሆኖም ርቀቱ አንድ ዓይነት ሆኖ ሳለ፣ ተጫዋቾቹ ለበርዲ ሲመቱ ከ100 ምት በ2 ገደማ ያነሰ ያስገባሉ። ልምድም ሆነ ትልቅ ሽልማት ዝንባሌውን አላጠፋውም።

እስከዚህ ጥሩ። ችግሩ የሚመጣው አንዱ ተነስቶ "ሴቶችማ ከዚህም ይብሳሉ፤ በተፈጥሯቸው ፈሪ ናቸው" ሲል ነው። ቆይ! ጥናቱ የተሠራው በፒጂኤ ቱር፣ ማለትም በወንዶቹ ውድድር ላይ ነው። ስለ ፆታ ልዩነት ምንም ሊነግረን አይችልም።

"የሴቶቹን ውድድር ለክተን እናወዳድራ!" ትሉ ይሆናል። ይቻላል፤ ግን ተጠንቀቁ። የሴቶቹ ሽልማት በጣም ያነሰ ነው፤ ሜዳውም አጠር ተደርጎ ይዘጋጃል። ልዩነት ቢታይ ከፆታ ነው ከገንዘቡ? ቢያንስ እያንዳንዷን ተጫዋች ከራሷ ጋር፣ የፓር ምቷን ከበርዲ ምቷ ጋር ማነጻጸር ያስፈልጋል።

ሪስክን መፍራትና ማጣትን መሸሽም አንድ አይደሉም። ሪስክ የሚፈራ ሰው እርግጠኛ ያልሆነ ነገር አይወድም፤ ማጣትን የሚሸሽ ግን ያለውን ላለማጣት ሲል ሪስክ ሊወስድም ይችላል። ራሔል ክሮሰን እና ዩሪ ግኒዚ በ2009 የቀደሙ ጥናቶችን ሲገመግሙ፣ በአማካይ ሴቶች ሪስክን የበለጠ እንደሚሸሹ ጽፈዋል። በሥራ አስኪያጆችና በሙያተኞች ዘንድ ግን ልዩነቱ እንደሚጠብ ወይም እንደሚጠፋ አክለዋል። ለዚህ አንዱ ምክንያት ወንፊቱ ሊሆን ይችላል፦ እዚያ የሚደርሰው ተጣርቶ ያለፈ ሰው ነው።

ስለዚህ "ሳይንስ ሴት ፈሪ ናት ይላል" የሚል ሰው ሲገጥማችሁ ዝም አትበሉ። ማን ተለካ? ምኑ ተለካ? ከማን ጋር ተነጻጸረ? ብላችሁ ጠይቁት። አንዲት ልጅ ኳስ ለመምታት ወይም ለውድድር ለመመዝገብ ስታመነታ፣ በእሷ ላይ ያልተለካ ቁጥር ተፈጥሮዋ ተደርጎ ሊነገራት አይገባም።