«ሐርሞኒ» እና «ቅኝት»፦ ስለ ሚዲ ተሰኪዎች ስያሜ የቀረበ ሂስ

በኮምፒዩተር ሙዚቃ ማቀናበር በአገራችን ከተስፋፋ ወዲህ ከመሣሪያው ጋር አብሮ የገባው የሙያ ቃል ብዙ ነው። በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው ከዚያ ውስጥ አንድ ዘርፍ ብቻ ነው፤ ይኸውም ተጫዋቹ አንድ ቁልፍ ሲነካ ሌሎች ድምፆችን ጨምረው የሚያሰሙና ያለ ክፍያ የሚገኙ የሚዲ ፕለጊኖች የሚጠሩባቸውን ቃላት ነው። ጉዳዩ ትንሽ መስሎ ይታይ ይሆናል። ሆኖም የስያሜው ጉድለት በመዝገበ ቃላት ገጽ ላይ ብቻ የሚቀር አይደለም። በመሣሪያው ሰሌዳ ላይ «ስኬል» ተብሎ የተጻፈውን «ቅኝት» ብለን ብንተረጉምለት፣ የጎንደር ተማሪ ትዝታን የሚያጅብ መስሎት ትዝታ ያልሆነ ነገር ያሰማል፤ ያሳተውም ጆሮው ሳይሆን የእኛ ትርጉም ይሆናል። ስለዚህ አስቀድመን መሣሪያው የሚሠራውን፣ ቀጥሎ በሥራ ላይ ያሉትን ቃላት፣ በመጨረሻም ይሻላሉ የምንላቸውን እናቀርባለን።

1. መሣሪያው ምን ይሠራል?

ሚዲ እ.ኤ.አ. በ1983 የወጣ የሙዚቃ መሣሪያዎች ዲጂታል መገናኛ ደንብ ነው። በዚህ ደንብ የሚተላለፈው ድምፅ ሳይሆን ቁጥር ነው። እያንዳንዱ ቁልፍ ከ0 እስከ 127 ካሉት ቁጥሮች አንዱ ተሰጥቶታል፤ በፒያኖ መካከል የሚገኘው ዶ 60 ነው፤ ከእርሱ ግማሽ ድምፅ ከፍ የሚለው 61፣ ቀጥሎም 62 እያለ ይሄዳል። ድምፁን የሚያሰማው ቁጥሩን የሚቀበለው ሌላ መሣሪያ ነው።

እነዚህ ፕለጊኖች በላኪውና በተቀባዩ መካከል ገብተው ቁጥር ይጨምራሉ። አሠራራቸውም በሦስት ይከፈላል። የመጀመሪያው ዓይነት የማይለወጥ ርቀት የሚደምር ነው፤ ለምሳሌ 60 ሲመጣለት 4 እና 7 ጨምሮ 64ንና 67ን ያስከትላል። ሁለተኛው ተጠቃሚው የመረጠውን «ስኬል» ተከትሎ የሚቆጥር ነው። ሦስተኛው ለእያንዳንዱ ቁልፍ ተጠቃሚው ራሱ አስቀድሞ የመደበለትን የድምፅ ስብስብ የሚያወጣ ነው። ያለ ክፍያ የሚሰጠውና የፕሮግራም ጽሑፉም ለሁሉ ክፍት የሆነው ሪፕኮርድ ለዚህ ለሦስተኛው ወገን ጥሩ ምሳሌ ይሆናል።

2. በሥራ ላይ ስላሉት ቃላት

ሀ) ፕለጊን። በአማርኛ የኮምፒዩተር ትርጉሞች «ተሰኪ» የሚለው ቃል ለዚህ ተለምዷል። «ሰካ» ከሚለው ግሥ በሥርዓቱ የወጣ፣ ለሰሚውም የማይከብድ ስለ ሆነ እንቀበለዋለን።

ለ) ነጻ። «ነጻ ተሰኪ» ሲባል አንባቢ ሁለት ነገር ሊረዳ ይችላል፤ አንደኛው ዋጋ የማይከፈልበት፣ ሁለተኛው ማንም የሚመረምረውና የሚያሻሽለው ማለት ነው። ብዙዎቹ የመጀመሪያውን እንጂ ሁለተኛውን አይደሉም። ልዩነቱም ለእኛ ቀላል አይደለም፤ ውስጡ የተዘጋውን ተሰኪ ሠሪው ካልፈቀደ በቀር ባቲን ወይም አንቺ ሆዬ ለኔን ልንጨምርበት አንችልም። ስለዚህ ለመጀመሪያው «ያለ ክፍያ የሚገኝ»፣ ለሁለተኛው «ምንጩ ክፍት የሆነ» ብሎ ለይቶ መጻፍ ይገባል።

ሐ) ኖታ። ይህ ቃል በአማርኛችን ሦስት ሥራ ተሸክሟል፤ የሚሰማውን ነጠላ ድምፅ፣ ያ ድምፅ በወረቀት የሚጻፍበትን ምልክት፣ እንዲሁም የተጻፈውን ሙዚቃ በሙሉ ይጠሩበታል። ሚዲ የሚልከው ከሦስቱ አንዱንም አይደለም። አንዳንዶች «ምልክት» ቢሉት ይሻላል ይላሉ፤ ነገር ግን በጎንደር «ምልክት» ባለቤት ያለው ቃል ነው። በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን (እ.ኤ.አ. 1540–1559) አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል አዘጋጁት የሚባለው የዜማ ምልክት በንባቡ ላይ የሚቀመጥ ፊደል ሲሆን፣ ለሚያውቀው ሰው የሚያስታውሰው አንድ ነጠላ ድምፅ ሳይሆን የዜማ ሐረግ ነው። የሚዲ ቁጥር ግን አንድን ድምፅ ብቻ ያመለክታል፤ ድምፁ ከየት እንደ መጣና ወዴት እንደሚሄድ አይናገርም። እንዲህ የተራራቁትን በአንድ ስም መጥራት ለሁለቱም አይጠቅምም።

መ) «የተጫወቱት ኖታ»። መጫወት ለሁሉም መሣሪያ የሚያገለግል ግሥ የሆነው በቅርቡ ነው። የቋንቋችን ልማድ መሰንቆ ይመታል፣ በገና ይደረደራል፣ ዋሽንት ይነፋል ይላል። በተሰኪው ሥራ ውስጥ ግን ዋናው ነገር ቁልፉ እንዴት እንደ ተነካ ሳይሆን ሌሎቹ የሚነሡበት መሆኑ ነው። ስለዚህ «መነሻ ድምፅ» ብንለው፣ የሚጨመሩትንም «ተከታይ ድምፅ» ብንላቸው ነገሩ በሙሉ በሁለት ቃል ይገለጣል።

ሠ) ሐርሞኒ። ለዚህ ቃል «ኅብረ ዜማ» የሚል አቻ ሲሰጥ ይታያል። ስሕተቱን ለማሳየት ጎንደር ራሷ ምስክር ናት። የአቋቋም ማስመስከሪያ በሆነችው በጎንደር በዓታ ሊቃውንቱ ግራና ቀኝ ቆመው በከበሮ፣ በጸናጽልና በመቋሚያ ሲያሸበሽቡ ሰዎቹ ብዙ፣ ዜማው ግን አንድ ነው። ይህ በእውነት ኅብረ ዜማ ነው፤ ሐርሞኒ ግን አይደለም። ሐርሞኒ የሰዎች ብዛት ሳይሆን የተለያየ ከፍታ ያላቸው ድምፆች ብዛትና ዝምድና ነው፤ አንድ ሰው በአንድ ፒያኖ ብቻውን ሊያሰማው ይችላል። በመሆኑም «ኅብረ ዜማ» አብረው ለሚያዜሙ ሰዎች ይቆይ፤ ለሐርሞኒ «ኅብረ ድምፅ» እንላለን። «ኅብር» የሚለው ቃል በቅኔ ቤት አንድ ቃል ሁለት ምሥጢር ሲይዝ የሚጠራበት ስለ ሆነ፣ ብዙነትና አንድነት በአንድ ጊዜ መገኘታቸውን ከሌላ ቃል ይልቅ ይገልጣል።

ረ) «ሐርሞኒ አመንጪ»። በዚህ ላይ የምናቀርበው ሂስ በትርጉሙ ብቻ ሳይሆን በመነሻው ስም ላይም ነው። አንደኛ፣ ኅብረ ድምፅ ጥምር ድምፆች በጊዜ ውስጥ እየተከታተሉ የሚኖራቸውን ዝምድና ይመለከታል፤ ተራ የሆኑት ተሰኪዎች ግን ለቀረበላቸው ቁልፍ ብቻ ይመልሳሉ እንጂ በፊት ያለፈውን አያስታውሱም፣ የሚመጣውንም አይጠብቁም። ስለዚህ የሚያወጡት ኮርድ ማለትም ጥምር ድምፅ ነው፤ ኅብረ ድምፁን የሚሠራው ቁልፎቹን በቅደም ተከተል የሚመርጠው ሰው ነው። ሁለተኛ፣ «አመነጨ» የሚለው ግሥ ምንጭ ከመሬት እንደሚወጣ ያለ ነው፤ እነዚህ ግን ሰው አስቀድሞ የወሰነላቸውን ደምረው ያስከትላሉ። ስለዚህ «ድምፅ አስከታይ» የሚለው ስም ሥራቸውን ሳያሳንስና ሳያጋንን ይገልጣቸዋል።

3. «ስኬል» ቅኝት ነውን?

ከሁሉ የከበደው ጥያቄ ይህ ነው። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ ለኔ አምስት አምስት ድምፅ ያላቸው ቅኝቶች መሆናቸው የታወቀ ነው። በሚዲ ቁጥር ሲጻፉ ትዝታ 60፣ 62፣ 64፣ 67፣ 69 ይሆናል፤ አንቺ ሆዬ ለኔ ደግሞ 60፣ 61፣ 65፣ 66፣ 69። የሰው ድምፅና መሰንቆ በ12 እኩል ክፍል ስለማይታሰሩ ቁጥሮቹ ግምታዊ ናቸው፤ ለምናደርገው ፍተሻ ግን ይበቃሉ።

አሁን 4 እና 7 የሚደምረውን የመጀመሪያውን ዓይነት ተሰኪ በትዝታ እንፈትን። 60 ላይ 64 እና 67 ይከተላሉ፤ ሁለቱም በቅኝቱ ውስጥ ናቸው። 62 ላይ 66፣ 64 ላይ 68 እና 71፣ 67 ላይ 71፣ 69 ላይ 73 ይገባሉ፤ እነዚህ ሁሉ ከቅኝቱ ውጪ ናቸው። ከአምስቱ ቁልፎች ትዝታን ሳያፈርስ የሚያልፈው አንዱ ብቻ ነው ማለት ነው። በአንቺ ሆዬ ለኔ ብንፈትነውም ውጤቱ ያው ነው፤ 65 ብቻ ይድናል፤ በ60 ላይማ የሚከተሉት 64 እና 67 ሁለቱም ባዕድ ናቸው።

«ስኬል» የሚከተለው ሁለተኛው ዓይነት ይሻል ይሆን? በሰሌዳው ላይ «ማይነር» የሚለውን መርጠን ሙዚቀኞች ትዝታ ማይነር የሚሉትን፣ ማለትም 60፣ 62፣ 63፣ 67፣ 68ን እንምታ። የመሣሪያው ማይነር ሰባት ድምፅ ያለው ስለ ሆነ፣ በትዝታ ውስጥ የሌሉትን 65ንና 70ን ይዟል። አንድ አንድ ድምፅ እየዘለለ ሲያስከትልም በ62 ላይ 65ን፣ በ63ና በ67 ላይ 70ን ያስገባል። ንጹሕ ሆነው የሚቀሩት 60 እና 68 ብቻ ናቸው። ስሙ ከትዝታ ማይነር ጋር መመሳሰሉ ተጠቃሚውን የሚያሳስተው እዚህ ላይ ነው።

ቁጥሩ ቢስተካከል እንኳ ቅኝት ከድምፅ ዝርዝር ይሰፋል። ቃሉ «ቃኘ» ከሚለው ግሥ የወጣ ነው፤ መሣሪያውን ማዘጋጀትን፣ የዜማውን አካሄድና ማረፊያውን አብሮ ይይዛል። ክራር መቺ ቅኝት ሲለውጥ ክሮቹን እንደ ገና ያወጣል ወይም ያረግባል። በደባርቅና በዳባት ደጋ የሚሰማው ዋሽንት ቀዳዳው ተበስቶ ያለቀ ስለ ሆነ፣ ቅኝት መለወጥ ለነፊው ሌላ ዋሽንት እስከ ማንሣት ሊያደርስ ይችላል። አንድ ክር ብቻ ያለው የአዝማሪው መሰንቆም የዘፋኙን ድምፅ ተከትሎ እየቀደመና እየዘገየ ያጅባል እንጂ ጥምር ድምፅ አይደረድርም። በሰሌዳ ላይ በጣት የሚመረጥ የቁጥር ዝርዝር ይህን ሁሉ ስም ሊወስድ አይገባውም።

እንግዲህ ለ«ስኬል» ምን እንበል? የሰሜን ጎንደር ገበሬ በተዳፋት መሬት ላይ ደረጃ በደረጃ የሚሠራውን «እርከን» ይለዋል። «የድምፅ እርከን» ብንል ከፍና ዝቅ እያሉ የተደረደሩ ደረጃዎችን ብቻ ያመለክታል፤ ከዚያ የበለጠ ቃል አይገባም። መነሻው የላቲን ቃልም መሰላል ማለት ስለ ሆነ አሳቡ አይርቅም። «ቅኝት» ለቅኝት ይቀራል።

4. መሣሪያው ይወገዝን?

ከዚህ ሁሉ ተነሥቶ መሣሪያው ለዜማችን ጠላት ነው የሚል ቢኖር አንስማማም። ዜማችንና የአውሮፓ ኅብረ ድምፅ ከተገናኙ መቶ ዓመት ሆኗል። እ.ኤ.አ. በ1924 ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም ያስመጧቸው አርባ የአርመን ልጆች በኬቮርክ ናልባንዲያን መሪነት የነሐስ ባንድ ሆነው አገልግለዋል። ኋላም ነርሲስ ናልባንዲያን በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ለኦርኬስትራ አቀናብረዋል። በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ሙላቱ አስታጥቄ አምስቱን ድምፅ ከአሥራ ሁለቱ ጋር አስማምተው ኢትዮ ጃዝን አስገኝተዋል። እነዚህ ባለሙያዎች የትኛው ድምፅ ከየትኛው በታች እንደሚቆም እየሰሙ መርጠዋል። በድምፅ አስከታዩ ግን ምርጫው ተሠርቶ ይመጣል፤ ተጠቃሚው ምርጫ መኖሩን እንኳ ላያውቅ ይችላል። የምንሰጠው ስም ይህን ምርጫ የሚገልጥ እንጂ የሚሸፍን እንዳይሆን የምንከራከረውም ስለዚህ ነው።

መፍትሔውም ከእጅ የራቀ አይደለም። ትዝታን በራሱ ደረጃዎች አንድ አንድ እየዘለልን ብናጣምር 60–64–69፣ 62–67–72፣ 64–69–74፣ 67–72–76፣ 69–74–79 እናገኛለን፤ 72፣ 74፣ 76 እና 79 የ60፣ የ62፣ የ64 እና የ67 ላይኛ ድምፆች ስለ ሆኑ አንድም ባዕድ አልገባም። ከእነዚህ ሁለቱ በምዕራቡ ትምህርት የታወቁ ኮርዶች ናቸው፤ ሦስቱ በሜጀርና በማይነር ስም አይጠሩም፤ ለክራር ግን እንግዳ አይደሉም። ክራር መቺው የማይፈልጋቸውን ክሮች በግራ እጁ ጣቶች አፍኖ የቀሩትን በአንድ ጊዜ ሲመታ የሚሰማው ጥምር ድምፅ ሁልጊዜ ከቅኝቱ ውስጥ የወጣ ነውና። እንደ ሪፕኮርድ ባለው ተሰኪ እነዚህን አምስት ጥምር ድምፆች በአምስት ቁልፎች ላይ መመደብና ለሌላ ጊዜ ማስቀመጥ ይቻላል፤ ክፍያም የለበትም።

5. የምናቀርባቸው ቃላት

ሚዲ፦ እንዳለ ይወሰድ፤ ሲብራራ «የሙዚቃ መሣሪያዎች ዲጂታል መገናኛ»።
ተሰኪ፦ በሌላ ፕሮግራም ውስጥ ገብቶ የሚሠራ ፕሮግራም።
መነሻ ድምፅ፦ ተጫዋቹ የላከውና ሌሎች የሚነሡበት ድምፅ።
ተከታይ ድምፅ፦ በመነሻው ምክንያት የተጨመረ ድምፅ።
ጥምር ድምፅ፦ ከፍታቸው የተለያየ ሆኖ በአንድ ጊዜ የሚሰሙ ድምፆች፤ ኮርድ።
ኅብረ ድምፅ፦ የጥምር ድምፆች ዝምድናና አካሄድ፤ ሐርሞኒ።
የድምፅ እርከን፦ በከፍታ ቅደም ተከተል የተደረደሩ ድምፆች ዝርዝር፤ ስኬል።
ቅኝት፦ የድምፅ እርከንን፣ የመሣሪያ አዘገጃጀትን፣ የዜማ አካሄድንና ማረፊያን አጠቃሎ የሚይዝ ሥርዓት።
ድምፅ አስከታይ፦ ከመነሻ ድምፅ ጥምር ድምፅ የሚያወጣ ተሰኪ፤ ይኸውም ቋሚ ርቀት ደማሪ፣ እርከን ተከታይ፣ ወይም በቁልፍ የተመደበ።

ከእነዚህ ውስጥ «የድምፅ እርከን» እና «ድምፅ አስከታይ» አዲስ ስለ ሆኑ በሥራ ላይ መፈተን አለባቸው። ፈታኞቹም የቋንቋ ባለሙያዎች ብቻ ሊሆኑ አይገባም። ቮልፍ ሌስላው እ.ኤ.አ. በ1964 ስለ ኢትዮጵያ የምሥጢር ቋንቋዎች ባሳተሙት መጽሐፍ እንደሚታየው፣ አዝማሪዎች ለሙያቸው የራሳቸው ቃል አላቸው። የጎንደር አዝማሪ፣ የበዓታ መሪጌታና በኮምፒዩተር የሚያቀናብረው ወጣት በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው ከዚህ የተሻለ ቃል ቢያመጡ፣ የእኛ ተነሥቶ የእነርሱ ቢተካ ደስ ይለናል።