አራራይ ጩኸት አይደለም

በመስቀል ማግስት አንድ የዶርዜ ልጅ፣ «የኔታ፣ ዜማው ሦስት ከሆነ ለምን ሦስታችን በአንድ ጊዜ አንልም?» አለኝ። ጓደኞቹ ሳቁ፤ እኔ አልሳቅሁም። ልጁ ያደገው ከአርባ ምንጭ በላይ በጨንቻ ደጋ፣ ብዙ ድምፅ ተገጣጥሞ በሚዘፈንበት አገር ነው። አንዱ ያወጣል፣ ሌሎቹ በየድርሻቸው ይገባሉ፤ ቀጭኑ ከላይ ሲሄድ ወፍራሙ ከታች ይይዛል። ፈረንሳዊው የሙዚቃ ተመራማሪ በርናር ሎርታ-ዣኮብ በፈረንጆቹ 1970ዎቹ መጥቶ የቀዳው ይህንኑ ነው።

የቅዱስ ያሬድ የቤተ ክርስቲያን ዜማ ሦስትነት ግን ሌላ ነው። ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ ይፈራረቃሉ እንጂ አይደራረቡም፤ መቶ ሰው ቢቆም ዜማው አንድ ነው። ሊቃውንቱ ግዕዝን በአብ፣ ዕዝልን በወልድ፣ አራራይን በመንፈስ ቅዱስ መስለው ያስተማሩትም ለዚህ ነው።

ጠቤ ከዚህ ይጀምራል። የዛሬ ወጣት አራራይን ቀጭን ድምፅ ብቻ አድርጎታል፤ ገና አፉን ሲከፍት ጣሪያ ይነካል። ማይክሮፎኑም አይዞህ ይለዋል። አራራይ ከፍ ማለቱ እውነት ነው፤ ግን ልብ ሊያራራ እንጂ ጆሮ ሊሰነጥቅ አይደለም። ልጁን የዜማው መጽሐፍ ድጓው ላይ ጣቱን አስይዤ ርክርክ የሚባለውን ምልክት አሳየሁት፦ ከፊደሉ በላይ የተደረደሩ ነጠብጣቦች፣ የጌታ ደም ነጠብጣብ ምሳሌ። «በል» አልኩት። ከላይ ጀምሮ ነበርና ነጠብጣቦቹ ተድበሰበሱ። ዝቅ አድርጎ ሲደግመው እያንዳንዱ ለየብቻው ተሰማ። እኔ የቤተልሔም ዜማ ቤት ልጅ ነኝ፤ የሌሎቹ ዜማ ቤቶች ሰዎች፣ ቆማዎችና አጫብሮች፣ ከፈለጉ ይሟገቱኝ፣ ከዚህ ግን ንቅንቅ አልልም፦ ከፍታ የሚገኘው ታች ጸንቶ ለቆመ ነው።

የዶርዜ ሽማግሌዎችም ይህን ያውቁታል። ቀጭኑን የሚይዘው ሰው ብቻውን አይሮጥም፤ የታችኞቹን እየሰማ ነው የሚሄድ። በአንድ ሰርግ ላይ ቆሜ ስሰማቸው አምሽቻለሁ፤ ደብተራ ዘፈን ሲሰማ አመሸ ብለው ያሙኝም አልጠፉም። ይሙኝ። ከጋይንት ወደዚህ ወደ ጋሞ አገር ስመጣ ጋሞኛ አንድ ቃል አልሰማም ነበር። ከአገሩ ሰው ጋር መጀመሪያ የተግባባሁት በጆሮዬ ነው። ሌላ ሙያ ቢኖረኝ ኖሮ እስከ ዛሬ እንግዳ ሆኜ በቀረሁ።

ልጁ ዛሬ ከጓደኞቹ ሁሉ ቀድሞ የሚሰማ ተማሪ ነው፤ መስማቱን ከቤቱ ይዞት መጥቷል። የሙያ ወንድሞቼን የምለምነው አንድ ነገር ነው፦ ግዕዙን ላላጸና ተማሪ ማይክሮፎን አትስጡ።